ሥሩ የማይረጥብ ባለ ቅመም የፖም ባር

ደህና ተደርጎ የተጋገረ የፖም ባር በአንድ ጉርሻ ሦስት ነገር ይሰጣል። ሥሩ እንደ ብስኩት ኩርሽም ይላል። መሃሉ ቀረፋ የጠጣ ለስላሳ ፖም ነው። አናቱ ላይ ደግሞ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ቡናማ ፍርፋሪ አለ። ሲበላሽ ግን ሁልጊዜ የሚበላሸው በአንድ በኩል ነው። ሥሩ ይረጥባል፣ ተመልሶ ሊጥ ይሆናል።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ፖም ከክብደቱ 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 900 ግራም ፖም ይዛችሁ ወደ ቤት ስትገቡ፣ ከዚያ ውስጥ 750 ግራም የሚሆነው ውሃ ነው ማለት ነው። ያ ውሃ ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ ከፖሙ መውጣቱ አይቀርም። የሚወርደውም ወደ ሥሩ ነው።

እኔም መጀመሪያ ሰሞን ጥሬውን ፖም ከትፌ ጥሬ ሊጥ ላይ እበትነው ነበር። ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ላዩም አምሮ ይወጣል። ቢላ ሳስገባበት ግን ሥሩ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አልዘልም። ፖሙን ቀድሜ አበስላለሁ። ሥሩን ቀድሜ እጋግራለሁ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አልቆርጠውም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የቆመው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ነው።

ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉት። የእጅ ሥራው 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ኦቨን ውስጥ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ይጠጋል። ማብረዱ ግን ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። እንግዳ የሚመጣው ነገ ከሆነ ዛሬ ማታ ጋግሩት። እንዲያውም በማግስቱ ቅመሙ ይበልጥ ይዋሃዳል።

የሚያስፈልገው

ልኩ ለ23 በ23 ሳንቲ ሜትር ካሬ የመጋገሪያ ትሪ ነው። ጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ጥሩ ነው። 16 ቁራጭ ይወጣዋል።

ለሊጡ፦
- የፉርኖ ዱቄት፣ 300 ግራም (2 ኩባያ ተኩል)
- ነጭ ስኳር፣ 130 ግራም (የኩባያ ሁለት ሦስተኛ)
- ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም፣ ከፍሪጅ እንደወጣ

ከላይ ለሚበተነው ፍርፋሪ ተጨማሪ፦
- ኦትስ (ተዳምጦ የሚሸጠው አጃ)፣ 50 ግራም
- ቡናማ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
- የቀረፋ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ለፖሙ፦
- ፖም፣ 900 ግራም (5 ወይም 6 መካከለኛ ፍሬ)
- የገበታ ቅቤ፣ 30 ግራም
- ቡናማ ስኳር፣ 80 ግራም
- የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
- የቀረፋ ዱቄት፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ
- የዝንጅብል ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- የተፈገፈገ ገውዝ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- የቅርንፉድ ዱቄት፣ በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ
- ጨው፣ ቆንጠር ተደርጎ
- የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚበጠበጥ

ስታርቹን ከበቆሎ ዱቄት ጋር እንዳታምታቱት። ስታርቹ እንደ በረዶ ነጭ ነው። በጣት ሲያሹት ጭርጭር ይላል። የበቆሎ ዱቄት ብትጨምሩ ፖሙ አይረጋም፣ ገንፎ ገንፎ ይላል።

ሚዛን ካላችሁ በግራም ሥሩ። አንድ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም ያህል ይመዝናል። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ ከቀዳችሁት ግን 150 ሊደርስ ይችላል። ሁለት ኩባያ ተኩል ላይ ልዩነቱ 75 ግራም ሆነ ማለት ነው። ሊጡን የሚያደርቀውና የሚያጠነክረው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

የትኛው ፖም?

ለመጋገር የሚሆን ፖም ጠንካራና ኮምጠጥ ያለ ነው። ጥንካሬው ቅርጹን ይጠብቅለታል። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ስኳሩን ያመዛዝነዋል። ጣፋጭ ፖም ብቻውን ከስኳርና ከቅቤ ጋር ሲገናኝ ሁሉም ነገር ጣፋጭ ይሆንና የፖሙ ጣዕም ራሱ ይጠፋል።

የኔ ምርጫ አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ነው። ኮምጣጣ ነው፣ ሥጋው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሙቀት ይችላል። ፒንክ ሌዲና ብሬበርን ከሱ ይልቅ ጣፈጥ ቢሉም እነሱም አይፈርሱም። ጎልደን ደሊሽየስ ለብቻው ለስለስ ይልብኛል፣ ከግራኒ ስሚዝ ጋር ሲቀላቀል ግን ደስ ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለት እጁን ኮምጣጣ፣ አንድ እጁን ጣፋጭ አደርጋለሁ። ኮምጣጣው ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ጣፋጩ ትንሽ ይቀልጥና ቁርጥራጮቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል።

ቀዩን ሬድ ደሊሽየስ ግን በጥሬው ብሉት። ሲጋገር ጣዕሙ ይደበዝዛል፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል። ማኪንቶሽ የሚባለው ደግሞ እሳት ሲነካው ቶሎ ይሟሟል። ለፖም ሶስ አሪፍ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

የፖሙን ዓይነት የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ አውራ ጣታችሁ ይነግራችኋል። በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ጫን በሉት። ገባ ካለ ተዉት። አንዱን ቅመሱት። ስትገምጡት ቀው የሚል ድምፅ ከሰጠና ምላሳችሁን ትንሽ ቆንጠጥ ካደረገው ያ ፖም ይሆናል።

ስለ ቅመሙ

ቀረፋው ነው መሪው። ሌሎቹ አጃቢ ናቸው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ካሲያ የሚባለው ነው። እንጨቱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ የተጠቀለለውም አንድ ድርብ ብቻ ነው። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ምላስ ላይም ሞቅ ይላል። የሲሎን ቀረፋ ደግሞ ስስና ተሰባሪ ነው። እንደ ወረቀት ብዙ ድርብ ሆኖ ይጠቀለላል። ሽታው ቀለል ይላል። ለዚህ ባር ካሲያው ይሻለኛል፣ ምክንያቱም ከቅቤና ከስኳር ጋር ተጋፍቶ ይወጣል። ያላችሁ ሲሎን ከሆነ መጠኑን 2 የሻይ ማንኪያ አድርጉት።

ዱቄቱ ስንት ጊዜ እንደቆየ ካላወቃችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹት። እጃችሁን ወደ አፍንጫችሁ ሳታስጠጉ ሽታው ከመጣላችሁ ደህና ነው። ተጠግታችሁም ፈልጋችሁ ካጣችሁት አዲስ ግዙ። መጠን በመጨመር የሞተ ቅመም አይነሳም፣ ፖሙ አሸዋ አሸዋ ይላል እንጂ።

ቅርንፉድ ላይ ተጠንቀቁ። ውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባል ዘይት ምላስ ያደነዝዛል። ሩብ የሻይ ማንኪያ እንኳ ከገባ ቀረፋውም ፖሙም አይሰማችሁም። ቆንጠር በቂ ነው። ገውዝ ከሌላችሁ በሱ ፋንታ ሄል መጠቀም ትችላላችሁ፣ መጠኑ ያው ነው።

ሊጡ

ኦቨኑን 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጉት። አየር የሚያዞር ፋን ካለው 160 ይበቃል። ትሪውን የመጋገሪያ ወረቀት አልብሱት። ወረቀቱ በሁለት ጎን ከትሪው ውጭ ተርፎ ይንጠልጠል። በኋላ ባሩን ይዛችሁ የምታወጡት በሱ ነው።

ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ጨውን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀላቅሉ። ቅቤውን በትንንሽ ኩብ ከትፋችሁ ጨምሩበት። አሁን በጣታችሁ ጫፍ ብቻ እሹት። መዳፋችሁን አታስገቡ፣ መዳፍ ይሞቃል። ቅቤው ከቀለጠ ዱቄቱ ውስጥ ይሰርግና ሊጡ ቅባታምና ድርቅ ያለ ይሆናል። ቀዝቃዛ ሆኖ ከታሸ ግን እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ይለብጠዋል፣ ሲጋገርም ሥሩ ፍርክስክስ ይላል።

አራት አምስት ደቂቃ ስታሹት እርጥብ አሸዋ ይመስላል። መሃል መሃል ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል የቅቤ ቁራጭ ቢታያችሁ ችግር የለውም። አንድ ጭብጥ አንሱና ጨበጥ አድርጉት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ መቀመጥ አለበት። በጣት ስትነኩት ደግሞ ወዲያው መፈርፈር አለበት። ጭራሽ አልያዝ ካለ ገና ነውና ትንሽ እሹት። እጃችሁ ላይ እንደ ቅባት ከተለጠፈ ቅቤው ሞቋል። ሳህኑን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡትና ተመለሱበት።

ከሦስት እጁ ሁለቱን (420 ግራም ገደማ) ትሪው ላይ በትኑት። በጠፍጣፋ ኩባያ መቀመጫ ተጭናችሁ እኩል አድርጉት። ማዕዘኖቹን በጣት ጠቅጥቁ፣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳው እዚያ ጋ ነው። በሹካ አሥራ አምስት ሃያ ቦታ ውጉት፣ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። ከዚያ 20 ደቂቃ ይጋገር። የምንፈልገው ጠርዙ ወርቃማ፣ መሃሉ ገና ነጣ ያለ ግን ሲነኩት የደረቀ ሆኖ እንዲወጣ ነው። እዚህ ላይ አትፍሩ። ነጭ ሆኖ የወጣ ሥር ፖሙን አይችለውም።

የቀረው አንድ እጅ ሊጥ ላይ ኦትሱን፣ ቡናማ ስኳሩንና ቀረፋውን ጨምራችሁ አደባልቁ። ከፊሉን በእጃችሁ እየጨበጣችሁ ትልልቅ ፍርፋሪ አድርጉት። ከዚያ ፍሪጅ ይግባ። እንደቀዘቀዘ ኦቨን ሲገባ ነው ቅርጹን የሚጠብቀው።

ፖሙ

ሥሩ ኦቨን ውስጥ ሳለ ፖሙን ላጡ። ልጣጩን አትተዉት፣ ሲጋገር አይለሰልስም። ሥጋው ይሟሟና ልጣጩ ብቻውን እንደ ቆዳ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱን ፖም አራት ቦታ ክፈሉ፣ የዘሩን ቤት ከነጠንካራው ሽፋን አውጡ፣ ከዚያ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ኩብ ክተፉ። በጣም የደቀቀ ይቀልጣል። በጣም የተለቀ ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም፣ ባሩ ሲቆረጥ ከመሃሉ እየወጣ ይወድቃል።

የከተፋችሁትን ወዲያው ሎሚውን አፍሱበት። ሎሚ ፖም እንዳይጠቁር እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን ቀረፋው ራሱ ቡናማ ስለሚያደርገው መልኩ ብዙም አያሳስብም። ሎሚው ሌላ ሥራ አለው። የፖምን ሥጋ አንድ ላይ የሚይዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይሟሟል፣ ፖሙም የሚለሰልሰው በዚህ ነው። አሲድ ሲኖር መሟሟቱ ይዘገያል። ስለዚህ ሎሚ ያገኘ ፖም ሲበስል ቶሎ አይፈርስም።

ሰፊ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። ሰፋ ማለቱ ቁም ነገር አለው። ጠባብ ድስት ውስጥ ፖሙ ይደራረብና በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። ሰፊው ላይ ግን ውሃው ቶሎ ይተናል። ቅቤውን አቅልጡና ቅመሞቹን በሙሉ አስገቡ። እያማሰላችሁ 30 ሰከንድ ብቻ ቆዩ። የቅመም ሽታ ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ ነው በደንብ የሚሟሟው፣ ስለዚህ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ቅመሙን ታነቃዋለች። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ግን ያርራል፣ ይመርራል።

ፖሙን፣ ቡናማ ስኳሩንና ጨውን ጨምሩ። አሁን መጥበሻውን እያያችሁ ቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ምንም የተለየ ነገር አይታይም። ከዚያ ስኳሩ ውሃውን ከፖሙ መሳብ ይጀምራል፣ መጥበሻው ድንገት በፈሳሽ ይሞላል። አትደንግጡ። ሥሩን ሊያረጥብ የነበረው ውሃ ያ ነው፣ አሁን እዚህ ወጣ። እሳቱን ከፍ አድርጉና ይፍላ። ሰባተኛው ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አረፋው ትንንሽ ከመሆን ወደ ትልልቅና ዘገምተኛ ይለወጣል። የፖሙ ጠርዝ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። አንድ ቁራጭ በቢላ ጫፍ ውጉ። ሲገባ ይለሰልሳል፣ መሃል ላይ ግን ትንሽ እምቢ ይላል። ማቆሚያው ያ ነው። የቀረውን ኦቨኑ ይጨርሰዋል።

የምትኖሩት ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ይኼ ደረጃ ጥቂት ደቂቃ ሊጨምር ይችላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን የቢላውን ጫፍ እመኑ።

የተበጠበጠውን ስታርች አንድ ጊዜ አማስሉት፣ ታች ይዘቅጣልና። ከዚያ ፖሙ ላይ አፍሱና እያማሰላችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይፍላ። ደብዘዝ ያለው ፈሳሽ ጠርቶ ማብረቅረቅ አለበት። የእንጨት ማንኪያውን መጥበሻው መሃል ላይ ስትጎትቱት መንገድ ይተዋል፣ መንገዱም ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው። አሁን ቅመሱት። ኮምጣጣ ከሆነባችሁ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ጣፋጭ ከሆነባችሁ ትንሽ ሎሚ። ከእሳት አውርዳችሁ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉትና ለ15 ደቂቃ ይብረድ። በትኩሱ ከሄደ ከላዩ የሚበተነውን ፍርፋሪ ያቀልጠዋል።

ዋናው መጋገር

ፖሙን ቀድሞ የተጋገረው ሥር ላይ እኩል ዘርጉ። ጠርዙ ድረስ ይድረስ፣ ግን የትሪውን ጎን ከነካ ስኳሩ እዚያ ያርራል፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተዉለት። ፍርፋሪውን ከፍሪጅ አውጡና በትኑበት። አትጫኑት። እዚህም እዚያም ፖሙ ብቅ ብቅ ማለት አለበት፣ የቀረው እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል።

ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገር። የኦቨኑ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ አድርጉት። መብሰሉን ሁለት ነገር ይነግራችኋል። ፍርፋሪው ጥቁር ወርቃማ ይሆናል። በጠርዙ በኩል ደግሞ የፖሙ ሽሮፕ ቀስ እያለ፣ ወፈር ባለ አረፋ ይፈላል። ላዩ ቶሎ ከቀላና ጠርዙ ገና ካልፈላ አሉሚኒየም ፎይል ጣል አድርጉበትና ይቀጥል። ላዩ ጨርሶ አልቀላ ካለ ብዙ ጊዜ የኦቨኑ ሙቀት መለኪያ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ብትገዙ አትቆጩም። የብዙ ቤት ኦቨን የሚያሳየው ሙቀትና ውስጡ ያለው ሙቀት ይለያያል።

ማብረድና መቁረጥ

ይኼ ነው ትዕግሥት የሚፈትነው። ትሪውን የሽቦ መደርደሪያ ላይ አድርጉት፣ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እንፋሎቱ ሥር ይታፈንና ስንለፋበት የዋልነውን ያረጥበዋል። ለሁለት ሰዓት እዚያው ይቆይ። ስታርቹ የሚረጋው ሲበርድ ነው። በትኩሱ ብትቆርጡት የበሰለ ቢሆንም ይፈስሳል።

ከዚያ ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። በወረቀቱ ጆሮዎች ይዛችሁ አውጡት፣ መክተፊያ ላይ አስቀምጡት። ረጅምና ስለታም ቢላ ያዙ። ወደፊትና ወደኋላ አትግዙት፣ ፍርፋሪው ይበተናል። ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ተጫኑት። በየቆረጣው ቢላውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። አራት በአራት ስትቆርጡት 16 ካሬ ይወጣል፣ የእያንዳንዱ ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ግድም ነው።

አንዱን ቁራጭ ገልብጡና ሥሩን እዩት። እንደ ብስኩት ደረቅና ቡናማ ከሆነ ተሳክቷል። ነጣ ብሎ ሲጫኑት ገባ ካለ በሚቀጥለው ጊዜ ሥሩን ብቻውን አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። ሥሩ ደህና ሆኖ ፖሙ ከፈሰሰ ግን ጥፋቱ መጥበሻው ላይ ነው፣ ውሃው ሳይተን ነው የወረደው።

ስለ ማስቀመጥ

በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ውጭ ሁለት ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ስትደራርቡት በመሃል ወረቀት አድርጉ። ፍሪዘር ውስጥም ይሆናል። መጀመሪያ ቁራጮቹን ሳይነካኩ ትሪ ላይ ደርድራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አጠንክሯቸው፣ ከጠነከሩ በኋላ ከረጢት ውስጥ ክተቷቸው። እስከ ሦስት ወር አይበላሹም።

ስታሞቁት ማይክሮዌቭ አትጠቀሙ፣ ፍርፋሪውን ያልፈሰፍሰዋል። 160 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 8 ደቂቃ፣ ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ 15 ደቂቃ አድርጉት። ሲወጣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት። ላዩ መልሶ ኩርሽም ማለት የሚጀምረው ያኔ ነው።